ስንቁን ይዞ የሚመጣ ተክል፦ ኮረትን በቤት አኳሪየም ውስጥ ማብቀል

ዓምድ፦ ሳይንስ በቤታችን
አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ8ኛ ክፍል

ባለፈው እትማችን በዚሁ ዓምድ ስለ ዓሣ አያያዝ መጻፌን ታስታውሳላችሁ። ያንን ካነበባችሁ በኋላ ግን በእረፍት ሰዓት እያስቆማችሁ የጠየቃችሁኝ በአብዛኛው ስለ ተክሉ ነው። "ውሃ ውስጥ ሰምጦ እንዴት አይበሰብስም?"፣ "ዘሩ ከየት ይገኛል?"፣ "እውነት ሽንኩርት ነው እንዴ?" ብላችሁኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

እኔም ገና ጀማሪ ነኝ። አኳሪየሙን ያገኘነው አጎቴ በሥራ ዝውውር ከባሕር ዳር ሲሄድ ለእኛ ትቶልን ነው። ኮረቶቹን ደግሞ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ሦስት ናቸው። አንዱ ዛሬ ከአንድ ማስመሪያ የሚረዝም ቅጠል አለው። አንዱ ሲመጣም የሞተ ነበር። ሦስተኛው ግን እቤታችን ክርክር አስነስቷል፤ የእሱን ነገር ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ኮረት ማለት ምንድን ነው?

ኮረት የሚለውን ቃል የግብርና ባለሙያዎች ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ ይጠቀሙበታል። እኛ እቤት "አንድ ራስ ሽንኩርት" የምንለው ማለት ነው። ተክሉ ምግቡን የሚያጠራቅምበት ያበጠ ክፍሉ ነው። በእንግሊዝኛ ኮረትንም አምፖልንም በአንድ ቃል "በልብ" ስለሚሏቸው፣ ዕቃው የመጣ ቀን አጎቴ በስልክ "በልቡ ደረሰ?" ሲል ታናሽ ወንድሜ ሰምቶ ሳምንት ሙሉ "መቼ ነው የሚበራው?" እያለ ሲጠይቀኝ ነበር።

ሽንኩርትን መሐል ለመሐል ብትቆርጡት ንብርብር ታያላችሁ። እነዚያ ንብርብሮች ምግብ ያጠራቀሙ ወፋፍራም ቅጠሎች ናቸው። ድንችን ብትቆርጡት ግን ንብርብር የለውም፤ ድንች ያበጠ ግንድ ነው። በሳይንሱ እውነተኛ ኮረት የሚባለው እንደ ሽንኩርት ንብርብር ያለው ነው። የአኳሪየም ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ግን እንደ ሽንኩርቱም እንደ ድንቹም የሆነውን በአንድ ስም ይጠሩታል። እኔም ለዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ኮረት እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የሳይንስ መምህራችን ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ስንቁን ቋጥሮ እንደሚወጣ ሁሉ ኮረትም ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። ሥርም ቅጠልም ሳይኖረው በውስጡ ባጠራቀመው ስታርች የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ያወጣል። ሥሮቹና ቅጠሎቹ ሲጠነክሩ ደግሞ ራሱ ምግብ እያዘጋጀ ያለቀውን ስንቅ መልሶ ይሞላል። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ሁሉ ለምን እንደሆኑ ይገባችኋል።

ለምን ስንቅ አስፈለገው ካላችሁ፣ ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ በትውልድ ቦታቸው የሚኖሩት ዝናብ ሲዘንብ ሞልቶ በደረቁ ወቅት በሚጎድል ወይም በሚደርቅ ኩሬ ውስጥ ነው። ውሃው ሲሄድ ቅጠሉ ይጠፋል፤ ኮረቱ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል።

ለጀማሪ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

1ኛ. አፖኖጌቶን፦ ለጀማሪ ቀላሉ ይሄ ነው። በብዛት የሚሸጠው አፖኖጌቶን ክሪስፐስ የሚባለው ሲሆን የመጣው ከስሪላንካና ከሕንድ አካባቢ ነው። ክሪስፐስ የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ የተጠቀለለ፣ የተሸበሸበ ማለት ነው። እውነትም የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተሸበሸበ ነው። ሌላው አፖኖጌቶን አልቫሺየስ ይባላል፤ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ቅጠሉ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ በጣም ያምራል። ኮረቱ ሲታይ ግን ትንሽ የደረቀ ድንች ይመስላል።

2ኛ. የውሃ ሊሊ፦ በሳይንሳዊ ስሙ ኒምፊያ ይባላል። በጣና ዳር በጀልባ የሄደ ሰው ቅጠሉ ውሃ ላይ ተንጣሎ አይቶት ይሆናል። ለአኳሪየም የሚሆኑት ትንንሾቹ ዓይነቶች ናቸው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ቅጠል ያወጡና በኋላ ላይኛው የውሃ ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ይልካሉ። የሚንሳፈፈው ሲበዛ ብርሃኑን ስለሚከልል ከሥሩ በመቀስ መቁረጥ ነው። ያን ጊዜ ተክሉ ውስጥ ወዳለው ቅጠል ይመለሳል።

3ኛ. ክሪነም፦ ይሄኛው እውነተኛ ኮረት ነው፤ ትንሽ ሽንኩርት ነው የሚመስለው። በቤተሰብም ከሽንኩርት ጋር ዘመድ ነው። ግን አደራ! ዘመድ ነው ተብሎ አይበላም፤ መርዝነት አለው። ዕድገቱ ቀስ ያለ ነው፤ ቦታ ሲቀያየርበትም አይወድም። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

*ይህን ያውቃሉ?* የአፖኖጌቶን ዘመድ በአገራችንም ይበቅላል። ስሙ አፖኖጌቶን አቢሲኒከስ ነው። አቢሲኒያ ማለት ድሮ አውሮፓውያን አገራችንን ይጠሩበት የነበረ ስም ስለሆነ በአገራችን ስም የተጠራ የውሃ ተክል ነው ማለት ነው። ዝናብ ሲዘንብ በሚጠራቀም ኩሬ ውስጥ ይበቅላል። በክረምት ኩሬ ስታዩ ልብ በሉ።

ምን ምን ያስፈልገናል?

አኳሪየሙ፦ የእኛ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 35 ቁመት አለው። ውሃና አሸዋውን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው የምንሞላው። እንግዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ይዘት እዚህ ጋ ሥራ ያገኛል፦ 60 × 30 × 30 = 54,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 54 ሊትር። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ውሃው ብቻ ሃምሳ ኪሎ አካባቢ ነው፤ አሸዋው ደግሞ ከውሃ ይከብዳል። ስለዚህ ማስቀመጫው የማይነቃነቅ ጠረጴዛ መሆን አለበት። ኮረት ተክሎች ስለሚረዝሙ ከዚህ በጣም ያነሰ አኳሪየም ይጠባቸዋል።

አሸዋ፦ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደቃቅ ጠጠር ወይም አሸዋ። በሳፋ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያጠብኩት። ሳሙና በፍጹም አይነካውም። ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ያለበት ድንጋይ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ ውሃውን ስለሚቀይረው ሌላ አሸዋ ፈልጉ።

ውሃ፦ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል፤ ዓሦችን ግን ይጎዳል። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ውስጥ ሳይከደን 24 ሰዓት ሲቀመጥ ክሎሪኑ እየተነነ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በጀሪካን እናጠራቅም የለ? በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ግን ክሎሪኑ መውጫ ስለሌለው ወደ ባልዲ ገልብጣችሁ አሳድሩት። ትንኝ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ሸፍኑት።

መብራት፦ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ መብራት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። አኳሪየሙን ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ሥር ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር መስተዋቱንም ቅጠሉንም ይወርሰዋል።

ሙቀት፦ እነዚህ ተክሎች ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማቸዋል። የእኛ ውሃ ያለ ማሞቂያ 22 እና 23 ነው የሚያሳየው። በብርዳማ ደጋ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ግን ለእነሱ ማሞቂያ እንደሚያስፈልግ ንገሯቸው፤ ያለዚያ ኮረቱ ለመብቀል በጣም ይዘገያል።

ማጣሪያ፦ በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃል። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በወጣ አሮጌ ውሃ እጠቡት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ጥንቃቄ፦ እጃችሁን ውሃው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የማጣሪያውንም የማሞቂያውንም የመብራቱንም ሶኬት ንቀሉ። ሶኬቱንም በደረቅ እጅ ነው የሚነካው። ትንንሾች ትልቅ ሰው ሳይኖር እንዳትሞክሩት።

ኮረቱ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሽንኩርት ስትገዙ እናታችሁ ምን ታደርጋለች? በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች፣ ታሸታለች። እዚህም እንደዚያው ነው። ደህና ኮረት ሲጫን ጠንካራ ነው፤ ሽታውም አፈር አፈር ነው። የሞተ ኮረት እንደ በሰበሰ ድንች ይላላል፣ ይገማል። ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ደርቆ ተጉዞ የሚመጣ ስለሆነ ከብዙ ኮረት መካከል አንዳንዱ መሞቱ የተለመደ ነው። የሞተውን አኳሪየም ውስጥ መጨመር አይገባም፤ እየበሰበሰ ውሃውን ያበላሻል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ደረቅ ኮረት የመጀመሪያው ቀን ሊንሳፈፍ ይችላል። ተንሳፈፈ ተብሎ አይጣልም። ውስጡ አየር ስላለ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ በቅድሚያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ጥሩ ነው።

አተካከሉ

1. ኮረቱን በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። የደረቀ አሮጌ ሥር ካለው በቀስታ አንሱለት።
2. ቡቃያ የሚወጣበትን ጎን ፈልጉ። ትንሽ ጫፍ ወይም ቀላ ያለ ነጥብ ካያችሁ ያ ወደ ላይ ይሆናል።
3. ካልታወቃችሁ አትጨነቁ፣ በጎኑ አስተኙት። ቡቃያው ራሱ ዞሮ ወደ ላይ ይወጣል።
4. አሸዋው ላይ አስቀምጡትና ታችኛውን ግማሹን ብቻ ትንሽ ጫን አድርጉት። ሙሉ በሙሉ አይቀበርም!
5. ዓሦች የሚያንከባልሉት ከሆነ ከጎኑ ትንሽ ጠጠር አስደግፉለት፤ ጠጠሩ ከላዩ አይጫን።
6. በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ።

ለምን አይቀበርም? ሽንኩርት ወይም ድንች እርጥብና አየር የማያገኝ ቦታ ሲታፈን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይበሰብሳል። አሸዋ ውስጥ ጠልቆ የተቀበረ ኮረትም ኦክስጅን ስለማያገኝ ባክቴሪያ ይበላዋል። ስንቁ ተበላሸ ማለት ነው። ሥሩ ግን መቀበር ይፈልጋል፤ እሱ እኛ ሳንነግረው አሸዋውን ፈልጎ ይገባል።

ከደብተሬ የተወሰደ

የአፖኖጌቶኔን ዕድገት በማስመሪያ እየለካሁ ጽፌ ነበር። እነሆ፦

1ኛ ቀን፦ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተንሳፈፈ።
2ኛ ቀን፦ ሰመጠ፤ አኳሪየም ውስጥ ገባ።
6ኛ ቀን፦ ቀላ ያለ ትንሽ ጫፍ ታየ።
9ኛ ቀን፦ ክር የሚመስሉ ነጫጭ ሥሮች ወደ አሸዋው ወረዱ።
14ኛ ቀን፦ የመጀመሪያው ቅጠል 4 ሳንቲ ሜትር።
21ኛ ቀን፦ ሦስት ቅጠሎች፤ ትልቁ 12 ሳንቲ ሜትር።
40ኛ ቀን፦ ሰባት ቅጠሎች፤ ትልቁ 27 ሳንቲ ሜትር።

ከ14ኛው እስከ 21ኛው ቀን ያለውን ተመልከቱ። በሰባት ቀን 8 ሳንቲ ሜትር ነው ያደገው! በነዚህ ቀናት ምንም ማዳበሪያ አልተጨመረም፤ የሚያሳድገው በዋናነት የራሱ ስንቅ ነው። የሁሉም ሰው ኮረት ግን በእኔው ቀን አይበቅልም። አንዳንዱ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ጠንካራ እስከሆነ ድረስ በየቀኑ እያነሳችሁ አትነካኩት።

ምግቡና ውሃው

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሥሩ ሲይዝ ተክሉ ከአሸዋው መብላት ይጀምራል። አሸዋ ደግሞ ምግብ የለውም። የዓሦቹ እዳሪ በከፊል ማዳበሪያ ይሆናል። ለተክሉ ይበልጥ ከተፈለገ ሥሩ አጠገብ የሚቀበር የአኳሪየም ማዳበሪያ እንክብል አለ፤ አጎቴ ከኮረቶቹ ጋር ጥቂት ልኮልኛል።

እዚህ ጋ በተለይ ቤተሰቦቻቸው ገበሬ የሆኑ ጓደኞቼ ያዙልኝ። ለማሳ የሚሆነው ዩሪያ አኳሪየም ውስጥ አይገባም! ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይቀየራል፤ አሞኒያ ዓሦችን ይገድላል። ፍግም አይሆንም። ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ውሃውን በየሳምንቱ አንድ አራተኛውን ብቻ ቀይሩ። በእኛ አኳሪየም ይህ 13 ሊትር አካባቢ ነው፣ ባልዲ ተኩል ማለት ነው። ሁሉንም አንድ ጊዜ መድፋት ዓሦቹን ያስደነግጣል። ከአኳሪየሙ የሚወጣውን ውሃ አትድፉት። ለጓሮ አትክልት በጣም ጥሩ ነው፤ እማዬ ጎመኗን የምታጠጣው በእሱ ነው።

ከዓሦች ጋር መኖር

የዓሦቹ እዳሪ አሞኒያ አለው። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ተክሉ ደግሞ ሁለቱንም ይመገባቸዋል። መብራቱ ሲበራ በብርሃን አስተፃምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ኦክስጅን ይሰጣል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ላይ የዕንቁ ፍሬ የመሰሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይታያሉ፤ ያ ኦክስጅን ነው። ሌሊት ግን ተክሉም እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ይጠቀማል። ስለዚህ ተክል አለ ተብሎ ዓሣ አይበዛም። የኤሌክትሪክ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር እንዲገባበት ይረዳል።

ዓሣው ዝም ብሎ አይመረጥም። እንደ ጉፒና ፕላቲ ያሉ ትንንሽ ዓሦች ተክሉን አይጎዱም። ወርቃማው ጎልድ ፊሽ ግን ለስላሳ ቅጠል ይበላል፤ አሸዋውንም ይቆፍራል። የጣናው ቆሮሶ ደግሞ ቅጠል በል ነው፤ ጎጆውንም አሸዋ ቆፍሮ ነው የሚሠራው። ሲያድግም ለአኳሪየም አይሆንም። ቆሮሶን ለጣና እንተውለት።

ቅጠሉ ሲያልቅ ሞተ ማለት ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ኮረት መጣን። ስሙ አልተጻፈበትም ነበር፤ ቅጠሉን አይተን አልቫሺየስ ሳይሆን አይቀርም ብለናል። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር። እስከ የካቲት ድረስ አኳሪየሙን ግማሽ ሸፍኖት ነበር። መጋቢት ላይ አዲስ ቅጠል ማውጣት አቆመ። አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ቢጫ እየሆኑ ሄዱ። በሚያዝያ መጀመሪያ ባዶ ጉጥ ብቻ ቀረ።

እማዬ "ይሄ ጉጥ ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ ጣይውና ሌላ ይተከልበት" አለች። አክስቴም "ይሸት ይሆናል" ብላ እሷን ደገፈች። አያቴ ግን "ነጭ ሽንኩርት ስንነቅል ቅጠሉ ደርቆ አይደል እንዴ? ለዘር ያስቀመጥነው ወራት ተኝቶ ነው የሚበቅለው" አሉ። እኔ ከአያቴ ጎን ነኝ። ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

አንዳንድ አፖኖጌቶኖች፣ በተለይ የማዳጋስካሮቹ፣ የእረፍት ጊዜ አላቸው። አኳሪየም ውስጥ ውሃው ባይደርቅም ተክሉ በተፈጥሮው ለወራት ካደገ በኋላ ያርፋል። ቅጠሎቹ በሕይወት እያሉ ስንቁን ሞልተዋል፤ ሥራቸው ስላለቀ ይደርቃሉ። ብዙ ጀማሪ ሞተ ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው።

ተኝቷል ወይስ ሞቷል የሚለውን የምንለየው መጀመሪያ በተጠቀምንበት ፈተና ነው። እኔም አውጥቼ ጫን አደረግሁት፤ ድንጋይ ነው! አሸተትሁት፤ የአፈር ሽታ ብቻ ነው። እንዲያውም ጥቅምት ላይ ሲመጣ ለውዝ ያክል የነበረው አሁን የአውራ ጣቴን ጫፍ አክሏል። ባዶ እጁን አልተኛም ማለት ነው።

ሲያርፍ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው እዚያው አኳሪየሙ ውስጥ ትቶ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው አውጥቶ አጥቦ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለና ጨለማ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ማቆየት፣ ከዚያ መልሶ መትከል ነው። ቦታ ያዘ ለሚል ሰው ሁለተኛው ይሻላል። እኔም በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ ክዳኑን ቀዳድጄ፣ "አትጣሉ! ሚያዝያ 6" ብዬ ጽፌበት ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እማዬ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ፈቅዳልኛለች። በየሳምንቱ እሑድ አሸዋው እንዳይደርቅ ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፣ በጣቴም እፈትሸዋለሁ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ጠንካራ ነው። ሲበቅል በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ እትም አሳውቃችኋለሁ። ባይበቅልም አሳውቃችኋለሁ።

ከእናንተም መካከል አኳሪየም ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ ኮረት ሊጥል ሲል ካያችሁት "መጀመሪያ ጫን አድርገው እስቲ" በሉልኝ።

አኳሪየም ለሌላችሁ

"እኛ አኳሪየም ከየት እናመጣለን?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ሳንቲም ሳታወጡ ይህንኑ ነገር በሽንኩርት ማየት ይቻላል። ሁለት እኩል የሚሆኑ ሽንኩርቶችና ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። አንዱን ሥሩ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ብርጭቆው አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ካልተቀመጠላችሁ በጎኑ ሦስት ስንጥር ሰክታችሁ አንጠልጥሉት። ሌላውን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አስምጡት፤ ከተንሳፈፈ በማንኪያ ጫኑት። የመጀመሪያውን ውሃ በየሁለት ቀኑ ቀይሩ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጀመሪያው ነጫጭ ሥር ያወጣል፣ ቀጥሎም አረንጓዴ ቅጠል። የሰመጠው ግን እየላላ ይሄዳል፤ ይሸታልም። ምንም አፈር ሳይኖር ቅጠሉ ከየት መጣ? ከስንቁ ነዋ! ሁለት ሳምንት ሲሞላው ሽንኩርቱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ንብርብሩ መሟሸሹን ታያላችሁ። ምግቡ ወደ ቅጠሉ ሄዷል።

የመጨረሻ አደራ

አኳሪየም ተክል ሲበዛባችሁ ወይም ሲሰለቻችሁ ወደ ጣናም፣ ወደ ዓባይም፣ ወደ ቦይም እንዳትጥሉት። ለምን ብትሉ እምቦጭን አስቡ። እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ እያሉ በብዙ አገሮች አዳረሱት። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ የታየው በ1965፣ በጣና ደግሞ በ2011 ነው (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። አሁን ዓሣ አጥማጆቻችን መረባቸው በእሱ እየተተበተበ፣ ገበሬዎቻችን ከሐይቁ ዳር በእጃቸው እየነቀሉ የሚያዩትን መከራ እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእኛ ትንሽ ኮረት እንደ እምቦጭ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የውጭ ተክል ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የተቆረጠ ቅጠልና የማትፈልጉትን ኮረት ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ጓሮ ቅበሩት። ደህና ከሆነ ደግሞ ለሚፈልግ ሰው ስጡት።

ጥያቄ ለአንባቢያን

1. ሽንኩርትና ድንች ሲቆረጡ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ኮረት ሙሉ በሙሉ የማይቀበረው ለምንድን ነው?
3. 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 30 ቁመት ያለው አኳሪየም እስከ አፉ ቢሞላ ስንት ሊትር ይይዛል?
4. እንቆቅልህ! (ምን አውቅልህ?) ስንቋን ሳትበላ ትተኛለች፣ ስንቋን ስትበላ ትነሣለች።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን ጨምራችሁ በክበባችን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ትክክለኛ መልስ የሰጡትን ዓርብ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያችን እናነባለን። የሽንኩርቱን ሙከራ ሠርቶ በሥዕል ላመጣ ተማሪ ሥዕሉን በሚቀጥለው እትም የፊት ገጽ ላይ እንለጥፍለታለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን። መልካም የፈተና ዝግጅት!